«ለሣር ነው ይሄ ሁሉ ብር?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ለገና ደብረ ብርሃን ከገባ ወጣት ነው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ያደግኩ ነኝ። ዕድሜዬ 32 ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከገባሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ጎልፍ ጀምሬ ፍቅር ያዘኝ። አሁን ሀንዲካፔ፣ ማለትም የችሎታ መለኪያዬ (ሲያንስ ነው የሚሻለው)፣ 24 ደርሷል። እስካሁን የምጫወተው ለከፈለ ሁሉ ክፍት በሆኑ የሕዝብ ሜዳዎች ነው። አሁን ግን የግል ክለብ አባል መሆን ፈልጌ ሁለት ቦታ አመለከትኩ፤ ሁለቱም ተቀብለውኛል። ከ40 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የወጣት ዋጋ አላቸው። አንደኛው ትልቅና ስመ ጥር ነው። አለቃዬ እዚያ አባል ነው፤ ዋስ ሆኖ ሊያስገባኝ ፈቅዷል። መግቢያው በወጣት ዋጋ 15 ሺህ ዶላር፣ ወርሃዊው 650 ነው። ከቤቴ 50 ደቂቃ ይርቃል። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው። መዋኛ የለውም፣ አዳራሹም ይሄን ያህል አይደለም። መግቢያው 5 ሺህ፣ ወርሃዊው 420 ነው። ከቤቴ 15 ደቂቃ ነው። ልቤ ያለው ትልቁ ጋ ነው። እጮኛዬ ጎልፍ አትጫወትም። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ ነገሩን ስነግራት ‹ለሣር ነው ይሄ ሁሉ ብር?› ብላ ዝም አለች። ዝምታዋ ከበደኝ። እስከ ጥር መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ። የቱን ልምረጥ? ወይስ ጭራሽ ልተወው?»

ልጄ፣ እንኳን ደህና ገባህ። እንኳን አብሮ አደረሰን።

መጀመሪያ ለእናትህ እንመልስላት። ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። መልሱንም ከእኔም ካንተም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። የመንዝ ሰው አይደለች? ስለ ጓሳ፣ ስለዚያ የመንዝ የሣር ምድር፣ አጫውቺኝ በላት።

መንዝ ላይ ለሣር ሕግ ወጥቶለታል፤ ያውም በ17ኛው ክፍለ ዘመን። የቀደሙት የመንዝ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ልጆች የጓሳን ምድር ተካፍለው፣ አለቃ መርጠው፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር። ቀኑ ሳይደርስ ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣል። ሲከፈት ደግሞ ባለመብቱ ሁሉ ይገባል። በዚያ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ገሳ ይሠራል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ የድሮው ሥርዓት ፈረሰ። ጓሳ ግን ዛሬም በአካባቢው ሰው ይጠበቃል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም የተረፈው በዚያ ጥበቃ ነው።

ስለዚህ ለእናትህ እንዲህ በላት። «እማዬ፣ እዚያም እንደ ጓሳ ነው። ሣሩን በጋራ እናስጠብቃለን፣ በተራ እንገባበታለን፣ ደንብ ያፈረሰ ይቀጣል።» ወዲያው ይገባታል። ከገባት በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ትጠይቅሃለች። «ታዲያ ስንቴ ትገባበታለህ?» ትልሃለች። ልጄ፣ የደብዳቤህ ሁሉ መልስ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው ያለው።

ይህን የምልህ ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የጎልፍ ክለብ የአባላት ቢሮ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አዲስ አባል የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። የስንብት ደብዳቤ የምቀበለውም እኔ ነበርኩ። ሲገቡ የሚያወሩትና ሲወጡ የሚያወሩት ፈጽሞ አይገናኝም። ሲገቡ ስለ ዛፎቹ፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ስሙ ያወራሉ። ሲወጡ ግን ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት። «መምጣት አልቻልኩም።»

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ትልቁ ክለብ በወር 650 ነው፤ በዓመት 7,800 ይሆናል። እንዲህ ያሉ ክለቦች ብዙ ጊዜ የግዴታ የምግብ ወጪ አላቸው። በላህም አልበላህም በየወሩ የተወሰነ ብር ከሒሳብህ ይነሳል። በወር 100 ዶላር እንበል። 9,000 ገባ። አሁን ስንቴ ትጫወታለህ? አንድ ሙሉ ጨዋታ፣ ማለትም 18 ጉድጓድ፣ ለመጨረስ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መሄጃና መመለሻህ ሌላ አንድ ሰዓት ከ40። ልብስ መቀየሪያውን፣ መሟሟቂያውን፣ ከጨዋታ በኋላ የሚቀመጡበትን ጨምርበት። ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ሥራ ያለው፣ ሠርግ የደረሰበት ሰው እንዲህ ያለ ቀን በዓመት 15 ጊዜ ቢያገኝ ትልቅ ነገር ነው። 9,000 ለ15 ሲካፈል አንዱ ጨዋታ 600 ዶላር መጣ። መግቢያውን ገና አልነካነውም።

ትንሹ ክለብ በዓመት 5,040 ነው። ከቤትህ ሩብ ሰዓት ነው። ሜሪላንድ በበጋ ቀኑ ረጅም ነው፤ እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን አለ። ከሥራ ወጥተህ ዘጠኝ ጉድጓድ ተጫውተህ ለእራት ቤትህ ትደርሳለህ። ዘጠኝ ጉድጓድም ለሀንዲካፕ ይቆጠራል፤ አትናቀው። በዚህ አካሄድ በዓመት 45 ጊዜ ብትገባ አንዱ 112 ዶላር ነው። እናትህ ይህን ሒሳብ ያለ ወረቀት ነው የምትሠራው።

ብርዱንም አስበው። እዚያ ሜዳው ውርጭ ሲያድርበት ሰው አያስገቡም፤ ፀሐይ ወጥታ እስኪቀልጥ ይጠበቃል። ውርጭ የያዘው ሣር ከተረገጠ ይጎዳል። ባቄላ በአንድ ሌሊት ሲጠቁር አይቶ ላደገ የደብረ ብርሃን ልጅ ይህን ማስረዳት የለብኝም። ብቻ ጠዋት ተነስተህ 50 ደቂቃ ነድተህ በር ላይ «ቆይ» ስትባል ያናድዳል። 15 ደቂቃ ከሆነ ደውለህ ጠይቀህ፣ ቡናህን ጠጥተህ ትሄዳለህ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የወጣት ዋጋ።

አንድ ሰው ነበር፤ ስሙ ይቆየኝ። በ33 ዓመቱ ነው የገባው። እኔው ነኝ የመዘገብኩት። ደስታው ከፊቱ ይነበብ ነበር። የአባልነት ካርዱን ስሰጠው በአውራ ጣቱ ጠርጎ ጠርጎ፣ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከቶ፣ ከላይ መታ መታ አደረገው። በየቅዳሜው ይመጣል። ሠራተኛውን ሁሉ በስም ይጠራል። 40 ሊሞላው ሲል ከእኔ ቢሮ ደብዳቤ ወጣ። የወጣት ዋጋው አበቃ። ወርሃዊው ሙሉ ሆነ። ሲገባ የተቀነሰለት የመግቢያ ገንዘብ ለካ የተቀነሰ አልነበረም፤ ወደፊት የተላለፈ ነበር። በዚያው ዓመት ክለቡ የሜዳውን የውኃ ቧንቧ ሊቀይር ከአባላቱ ልዩ መዋጮ ጠየቀ። ሦስቱ ባንድ ላይ መጡበት። ያኔ ሁለት ልጆች አሉት። አንድ ማክሰኞ መጥቶ ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ጠርዙ ተልጦ ነበር። «የፈረምኩትን አላነበብኩትም» አለኝ። ደብዳቤውን ያተምኩት በገዛ እጄ ስለነበር ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ክለቡ ያደረገው ሁሉ ደንቡ ላይ ተጽፏል። ግን ሲገባ ማንም ጮክ ብሎ አላነበበለትም። እኔም ጭምር።

እሱን እያሰብኩ ነው ለአንተ የምጽፍልህ። አንተ 32 ነህ። 40 ለመሙላት ስምንት ዓመት ነው የቀረህ። እነዚያ ስምንት ዓመታት ደግሞ የምታገባባቸው፣ የምትወልድባቸው፣ ምናልባትም ቤት የምትገዛባቸው ናቸው። ዋጋው ከፍ የሚለው ልክ ኪስህ ሲሳሳ ነው።

ስለዚህ ክለብ ስትገባ እድር እንደምትገባ ሁን። እድር ስትገባ ምን ትጠይቃለህ? መተዳደሪያ ደንቡን አሳዩኝ ትላለህ። መግቢያው ስንት ነው፣ ወርሃዊው ስንት ነው፣ ቅጣቱ እንዴት ነው፣ ድንኳን ሲያረጅ ተጨማሪ ይዋጣል ወይ፣ ሰፈር ብቀይርስ ትላለህ። ክለብም ያው ነው። የሁለቱንም ክለቦች ደንብ በጽሑፍ አስልክ። የወጣት ዋጋው በስንት ዓመት በስንት እንደሚጨምር ጠይቅ፤ ብዙ ክለቦች በ30፣ በ35፣ ከዚያ በ40 እያሉ ደረጃ በደረጃ ነው የሚያወጡት። ያልከፈልከው የመግቢያ ቀሪ አለ ወይ በል። ባለፉት አምስት ዓመታት ልዩ መዋጮ ጠይቃችኋል ወይ፣ በቅርቡስ አስባችኋል ወይ በል። የሜዳው ቧንቧ ስንት ዓመቱ ነው ብለህ ብትጠይቅ ይደነግጣሉ፤ ግን ይመልሱልሃል። መውጣት ብፈልግ ከስንት ወር በፊት ላሳውቅ፣ የሚመለስ ገንዘብስ አለ ወይ በል። አንዳንዱ ክለብ መግቢያውን እንደ ድርሻ ይቆጥረዋል፤ ስትወጣ ከፊሉን ይመልሳል። የሚመልሰው ግን አዲስ አባላት ሲገቡ ጠብቆ፣ በወረፋ ነው። ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ሌላም አለ፤ ይህን ብዙ ወጣት አይጠይቅም። የወጣት አባል ቅዳሜና እሑድ በስንት ሰዓት መጀመር ይፈቀድለታል? አንዳንድ ክለብ የቅዳሜን ጠዋት ለሙሉ አባላት ብቻ ይይዘዋል። አንተ ከቀትር በኋላ ነህ። ሥራ የሚሠራ ሰው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋትን ካላገኘ ምን ቀረለት? ጓሳ ተከፍቶ ማጭድህን ይዘህ ደጅ ቆመህ ማየት ማለት ነው።

ስለ ሜዳው ራሱ ብዙ አልልም። ሁለቱም 18 ጉድጓድ ከሆኑ ይበቃሃል። የክብደቱን ቁጥር ብቻ ጠይቅ፤ ስሎፕ ይሉታል። መደበኛው 113 ነው፤ እስከ 155 ይሄዳል። ሀንዲካፑ 24 የሆነ ሰው 140 የሆነ ሜዳ ላይ በየሳምንቱ ኳስ ሲፈልግ ነው የሚውለው። እግረ መንገዴን ልንገርህ፤ ዱላ ይዘህ መጥተህ እዚህ ሜዳ ላይ ኳስ ከመታህ፣ ያገኘኸውን ርቀት ይዘህ እንዳትሄድ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ከሜሪላንዱ አርቆ ይሄዳል። ክንድህ አይደለም፣ አገርህ ናት።

አሁን አለቃህ። እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ።

በዚህ ሰሞን የገና ጨዋታ አይተህ ይሆናል። እኔ አይቻለሁ። ልጆቹ ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዘው፣ አቧራውን እያጨሱ፣ ያችን ኳስ ሲያሳድዱ አንዱ የአንዱን ቅልጥም ሲመታ ማንም አይኮርፍም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነዋ። ድሮ ጌታና ሎሌ እኩል የሚሆኑባት ሜዳ ያቺ ነበረች። ጎልፍም የራሱ «አይቆጡም ጌታ» አለው፤ ሀንዲካፕ ይባላል። አለቃህ 8 ቢሆን፣ አንተ 24 ብትሆን፣ ልዩነቱ ይታሰብልህና እኩል ትጫወታላችሁ። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም ሁሉ በአንድ ስሌት ነው የሚሠራው፤ ጀማሪው እስከ 54 ድረስ ይያዝለታል። ጎልፍን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ግን ሀንዲካፕ የሚሠራው ሜዳው ላይ ብቻ ነው። ከሜዳው ስትወጣ አለቃህ አለቃህ ነው። ዋስህ ሆኖ ሲያስገባህ ደግሞ ስምህ ከስሙ ጋር ይታሰራል። ቅዳሜ «አራተኛ ሰው ጎደለን፣ ና» ሲልህ እምቢ ማለት ይከብድሃል። ሥራ መቀየር ብትፈልግስ? የቀድሞ አለቃህን በየሳምንቱ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ታገኘዋለህ። ለሥራ ዕድል ነው የምትገባው ከሆነም አትቸኩል። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ክለቦች ምግብ አዳራሻቸው ውስጥ የሥራ ወረቀት መዘርጋትን አይፈቅዱም። ሰው ለሰው መተዋወቁ ጥሩ ነው፤ መተዋወቅ ግን አዘውትሮ ለሚመጣ ሰው ነው የሚሆነው። እንደገና ያው ጥያቄ መጣ። ስንቴ ትገባበታለህ?

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበልህ፤ እንደ ልጄ ስለማይህ። ከአዳራሹ በፊት ጠረጴዛዎቹን እይ። ማን ነው የተቀመጠው? ጎልፍ በአሜሪካ ለእኛ ዓይነቱ ሰው በሩን የከፈተው በቅርብ ነው። የአሜሪካ ጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር ከነጭ በቀር አባል አይሆንም የሚለውን አንቀጽ የሰረዘው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ታዋቂው የማስተርስ የጎልፍ ውድድር የሚደረግበት ኦገስታ ናሽናል ክለብ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው በ1990፣ ሴቶችን የተቀበለው በ2012 ነው። በሩ በተዘጋበት ዘመን ጥቁሮች የሚጫወቱበት ሲያጡ በ1939 ዋሽንግተን ውስጥ ላንግስተን የሚባል የሕዝብ ሜዳ ተከፈተላቸው። ዛሬም አለ። ለአንተም ቅርብ ነው፤ ሄደህ ካልተጫወትክበት ሂድ። ይህን የምነግርህ ላስፈራህ ብዬ አይደለም። ዛሬ ብዙ ጥሩ ክለቦች አሉ። ግን ገንዘብህን የምትከፍለው ቤቴ ብለህ ልትቀመጥበት ነው። አንድ የሥራ ቀን ማታ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በእንግድነት ግባ። ከ40 በታች የሆኑ ስንት አባላት እንዳሉ ጠይቅ፤ ወረቀት ላይ ያሉትን ሳይሆን ሜዳው ላይ የምታያቸውን ቁጠር። አስተናጋጆቹን ሰላም በላቸው። ከመካከላቸው የአገር ልጅ አይጠፋም። አባላቱ ሠራተኛውን እንዴት እንደሚያናግሩ ስማ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ከጠረጴዛው ወዲህ ተቀምጬ የተማርኩት፣ ሠራተኛውን በስም የሚጠራ ሰው የበዛበት ክለብ ለአዲስ አባልም ሞቅ ያለ እንደሆነ ነው።

እጮኛህን በሁለት መስመር ጠቀስካት። ልጄ፣ ይሄ አይሆንም። ሁለቱንም ቦታ አብራችሁ እዩ። እሷ ጎልፍ ባትጫወትም የምትለው ይኖራታል። ትልቁ ክለብ መዋኛ ስላለው ለእሷና ለሚመጡት ልጆች ይሆናል ብለህ አስበህ ይሆናል። ግን የወጣት አባልነቱ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለባልና ሚስት? ስታገባ ወርሃዊው ይጨምራል? ይህንንም በጽሑፍ አስልክ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ለእናትህ የምትልከው ገንዘብ ከዚህ ሒሳብ ውጪ ይቀመጥ። ለእሷ የምትልከው ይቀንሳል ብላ ሰግታ ከሆነ ዝምታዋ ያ ነው። «እማዬ፣ ያንቺው እንዳለ ነው» በላት። በቃልህ ንገራት፤ በሆዷ አትተውላት።

ፍርዴን ከጠየቅከኝ ትንሹን ክለብ ግባ። ደንቡን አንብበህ፣ የወጣት ዋጋው ሲያልቅ ስንት እንደሚሆን አውቀህ፣ ያንን ሙሉ ዋጋ ዛሬ ባለህ ደመወዝ መክፈል የምትችል ከሆነ ግባ። የማትችል ከሆነ አንድ ዓመት በሕዝብ ሜዳ ቆይ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የጥር መጨረሻው ቀጠሮ አያስጨንቅህ። ሰኞ ጻፍላቸውና ደንቡን እስካነብ ሁለት ሳምንት ጨምሩልኝ በል። ለአንድ ወጣት አባል ሁለት ሳምንት የማይታገስ ክለብ ስምንት ዓመት ሊታገስህ አይችልም።

ለአለቃህ ግን ራስህ ደውለህ ንገረው። ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። «ስላሰብከኝ አመሰግናለሁ፤ ርቀቱ አልመች አለኝ፤ ቤቴ አጠገብ ገባሁ» በለው። በእንግድነት መጋበዙን ይቀጥላል፤ ጎልፍ የሚወድ ሰው ሰው አይሰለችም። በእነዚያ ክለቦች ደግሞ ብዙ ጊዜ እንግዳ ገንዘብ አውጥቶ መክፈል አይችልም፤ ሒሳቡ በአባሉ ስም ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ብድሩን የምትመልሰው ወደ አንተው ክለብ ጋብዘህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቀጥረው፣ ቀደም ብለህ ድረስ፣ ሒሳቡን ራስህ ፈርም።